አራቱ የተሰረዙ ሰከንዶች

በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ አንድ ካሴት ነበር። እናቴ ከሌላ ካሴት ላይ ያስቀዳችው ስለነበር፣ ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ሲፈለግ የምትሰበረው ትንሿ ፕላስቲክ አልተሰበረችም ነበር። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ አንድ ቀን እናቴ አብዝታ የምትወደው ዘፈን እየተጫወተ ሳለ ቴፑን አቆምኩና ቀዩን ቁልፍ ከማጫወቻው ቁልፍ ጋር አንድ ላይ ተጫንኩት። ምን እንደሚሆን ለማየት ብቻ ነበር። ደንግጬ ሳጠፋው ነገሩ አልፏል፤ ከዘፈኑ ሁለተኛ አዝማች ላይ አራት ሰከንድ ያህል ተሰርዞ፣ በምትኩ ቀጭን የሽሽታ ድምፅ፣ የወንበር መንቋቋትና የእኔው ትንፋሽ ገብቷል። እናቴ አልተቆጣችም፤ ካሴቱንም አልጣለችውም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያንን ዘፈን የሰማነው ከነቀዳዳው ነው።

ጊዜ አልፎ፣ ካሴቱም ማጫወቻውም ከቤት ጠፍተው፣ ዘፈኑን በስልኬ ላይ ጥርት ባለ ቅጂ አገኘሁት። ሁለተኛው አዝማች ሲቃረብ ትከሻዬ ሳላዘው ተሸማቀቀ፤ ጆሮዬ የወንበሩን ድምፅ ጠበቀ። የመጣው ግን ሰምቼው ስለመሆኔ እንኳን የማላስታውሰው፣ አንድ ስንኝ የማይሞላ ግጥምና ወደ ላይ የሚወጣ ዜማ ነበር። ሙሉው ዘፈን ጎደሎ ሆኖ ተሰማኝ። አንጎል ሙዚቃን እንዴት እንደሚሰማ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬም አልጠገብኩም።

ወደ ጆሯችን የሚደርሰው ነገር ገና ሙዚቃ አልሆነም። የሚደርሰው የአየር ግፊት መዋዠቅ ነው፤ ግፊቱ የጆሮን ታምቡር ይገፋል፣ ታምቡሩ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶችን ያንቀሳቅሳል፣ ከእነዚህ የመጨረሻዋ፣ ከሰውነታችን አጥንቶች ሁሉ የምታንሰውና ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆነው አጥንት ደግሞ፣ በፈሳሽ የተሞላውንና እንደ ቀንድ አውጣ የተጠማዘዘውን የውስጥ ጆሮ ክፍል ታንኳኳለች። በዚህ ጥምዝ ውስጥ የተዘረጋው ሽፋን በመግቢያው አጠገብ ለቀጭን ድምፅ፣ ወደ ጫፉ ሲዘልቅ ደግሞ ለወፍራም ድምፅ ይርገበገባል፤ ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ ሞገዱ በዚህ ሽፋን ላይ እንዴት እንደሚጓዝ በማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ1961 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በሽፋኑ ላይ የተሰለፉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ መካከል የድምፁን ወሬ ወደ አንጎል የማድረሱን ዋና ሥራ የሚሠሩት 3,500 ያህሉ ብቻ ናቸው። በሰው ልጅ ዘንድ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። የጆሮ ማዳመጫቸውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍተው የሚያልፉ ወጣቶችን ባየሁ ቁጥር ይህ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ለዕድሜ ልክ ሙዚቃ የተሰጠ ስንቅ ነው ብለን ካሰብነው በጣም ትንሽ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የአንጎል ነው፤ አንጎልም የመጣለትን እንዳለ ተቀብሎ አያስቀምጥም። ለዚህ እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያሳመነኝ ማስረጃ ስልክ ነው። ለረጅም ዘመን የስልክ መስመር ያስተላልፍ የነበረው ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ (በአንድ ሰከንድ የሚቆጠር የንዝረት ብዛት) ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። የአዋቂ ወንድ ድምፅ መሠረት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ሄርዝ በታች ነው፤ ማለትም የአባትን ድምፅ ወፍራም የሚያደርገው መሠረታዊ ንዝረት በመስመሩ ላይ ጨርሶ አያልፍም ነበር። እኛ ግን ስልኩን አንስተን ያንኑ ወፍራም የአባት ድምፅ እንሰማ ነበር። አንጎል ከመሠረቱ በላይ የተደረደሩትን፣ የመሠረቱ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍና አራት እጥፍ የሆኑትን ንዝረቶች ያገናዝብና እነዚህ ሁሉ የአንዲት እናት ልጆች መሆናቸውን ይረዳል፤ ከዚያም የሌለችውን እናት በቦታዋ ያስቀምጣታል። በትንሽ የስልክ ድምፅ ማጉያ ዘፈን ስንሰማ የቤዝ ጊታሩን አካሄድ መከተል የምንችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ገና ዜማና ምት ሳይነሱ፣ ገና በአንዲት ነጠላ ድምፅ ደረጃ፣ የምንሰማው ከመጣልን ይበልጣል።

ድምፆች እየተከታተሉ መምጣት ሲጀምሩ ደግሞ አንጎል ወደፊት ይቀድማል። በ1978 ፊንላንዳዊው ሪስቶ ናታነንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ አንድ ዓይነት ድምፅ እየተደጋገመ ሳለ በመካከሉ የተለየ ድምፅ ቢገባ፣ ከ150 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ በራስ ቅል ላይ የሚለካው የኤሌክትሪክ ሞገድ ይለወጣል። ሰውዬው ድምፁን ትቶ መጽሐፍ እያነበበ ቢሆን እንኳን ይህ ይሆናል። ማንም ሳያዘው፣ ባለቤቱም ሳያውቀው፣ አንጎል ቀጥሎ የሚመጣውን ገምቶ ቆሞ ነበር ማለት ነው፤ ግምቱ ስቶበት ደነገጠ። በ2009 በሃንጋሪ የተደረገው ጥናት ደግሞ ይህ ጠባይ ምን ያህል ከሥር የሚነሳ እንደሆነ ያሳያል። ከተወለዱ ሁለትና ሦስት ቀን የሆናቸው ሕፃናት ተኝተው ሳለ የከበሮ ምት ተከፈተላቸው፤ አልፎ አልፎም የምቱ ዋና መነሻ፣ ሰው እግሩን መሬት የሚመታበት ቦታ፣ ባዶ ተተወ። የሕፃናቱ አንጎል በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ምላሽ ሰጠ። ይህን ባነበብኩበት ሌሊት ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዓይኑን በቅጡ መግለጥ ያልጀመረ፣ እናቱን ገና በጠረኗ የሚለይ ሕፃን፣ ሊመጣ ሲገባው የቀረን ምት ያውቃል።

የእኔን ካሴት ነገር ያብራራልኝ ግን ጃምሼድ ባሩቻ የተባለው ተመራማሪ ያመለከተው ልዩነት ነው። በሙዚቃ ውስጥ የምንጠብቀው ነገር በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ከልጅነታችን ጀምሮ ከሰማነው ሙዚቃ ሁሉ የተጠራቀመ፣ እንደ ቋንቋ ሰዋስው ሳንማረው የተማርነው ጠቅላላ ዕውቀት ነው፤ ይህ ዓይነቱ ዜማ ወዴት ሊያርፍ እንደሚገባው ይነግረናል። ሁለተኛው የአንድን ዘፈን አካሄድ ለይቶ የሚያውቅ ዕውቀት ነው፤ እዚህ ጋ ዘፋኙ ትንፋሽ ይወስዳል፣ እዚህ ጋ ከበሮው ይቆማል የሚለን እርሱ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ አንዱ ሌላውን አያዳምጥም። መቶ ጊዜ የሰማነው ዘፈን ያልተጠበቀ ቦታ ላይ ሲታጠፍ፣ መታጠፉን በሚገባ እያወቅን ዳግመኛ ሰውነታችንን ውርር የሚያደርገን ለዚህ ነው፤ ሁለተኛው ዕውቀት «አውቄዋለሁ» ሲል አንደኛው ሁልጊዜም ይደነቃል። እኔ ዘንድ የወንበሩ መንቋቋት በሁለተኛው ዕውቀት ውስጥ ተጽፎ ነበር። በአንደኛው ሚዛን ካሴቱ የተበላሸ ነው፤ በሁለተኛው ሚዛን ግን ዘፈኑ እንዲያ ነው፣ ሌላ መልክም የለውም።

በ2005 የወጣ አንድ ጥናት ይህንን ነገር ከሞላ ጎደል በቤተ ሙከራ ውስጥ ሠርቶታል። ተመራማሪዎቹ ከዘፈኖች መካከል ጥቂት ሰከንዶችን ቆርጠው በዝምታ ተኩ፤ ከዚያም አድማጮቹ በአንጎል ምስል ማንሻ ውስጥ ተኝተው ሰሙ። ዘፈኑ የማያውቁት ሲሆን በዝምታው ጊዜ ድምፅን የሚመለከተው የአንጎል ክፍል ረገብ አለ፤ የሚያውቁት ሲሆን ግን በዝምታውም ውስጥ ሥራውን ቀጠለ፣ አድማጮቹም ዘፈኑ በጭንቅላታቸው ውስጥ መቀጠሉን ተናገሩ። ጆሮ ምንም ሳያመጣ አንጎል ያደምጥ ነበር።

ታዲያ እንዲህ መገመትና መሳት፣ መጠበቅና ማግኘት ለምን ደስ ያሰኛል? በዚህ ላይ በካናዳዋ ሞንትሪያል ከተማ የተሠሩትን ሥራዎች ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። አን ብለድና ሮበርት ዛቶሬ በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ራሳቸው የመረጡትን፣ ሰውነታቸውን ውርር የሚያደርጋቸውን ሙዚቃ ሲሰሙ፣ ከምግብና ከመሰል ደስታዎች ጋር የሚታወቁት የአንጎል ክፍሎች እንደሚነሳሱ አሳዩ። በ2011 ቫሎሪ ሳሊምፑር ከዛቶሬና ከሌሎች ጋር ሆና አንድ እርምጃ ጨመረች፤ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር በእርግጥ እንደሚለቀቅ፣ የሚለቀቅበትም ቦታና ጊዜ የተለያየ እንደሆነ አገኙ። ልብ የሚነካው ቦታ ሲደርስ የሚለቀቀው ኒውክሊየስ አኩምበንስ በሚባለው ክፍል ነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሰከንዶች ግን፣ ገና እየተጠበቀ ሳለ፣ ኮዴት በሚባለው በሌላ ክፍል ይለቀቃል። መጠበቁ ራሱ የደስታው አንድ ክፍል ነው። በ2019 ደግሞ ዶፓሚንን የሚጨምር መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች ከሙዚቃው የሚያገኙት ደስታ ሲጨምር፣ የሚያግድ መድኃኒት ሲወስዱ ደግሞ ሲቀንስ ታይቷል፤ ይህም ንጥረ ነገሩ ከደስታው ጋር አብሮ የሚታይ ብቻ ሳይሆን በደስታው መፈጠር ውስጥ እጁ እንዳለበት ያመለክታል።

እዚህ ላይ አንድ የሚቆጨኝን ነገር ልናገር። «ሙዚቃ ምንም አይለኝም» የሚል አንድ ጓደኛ ነበረኝ፤ እኔም ጥሩ ሙዚቃ አልሰማህም ብዬ ለዓመታት ስሞግተው፣ ስመርጥለት፣ ሲሰለቸውም ስቀየመው ኖርኩ። በ2014 በባርሴሎና የተሠራ ጥናት እንደ እርሱ ያሉ ሰዎች በእርግጥ እንዳሉ አረጋግጧል። ድምፁን በትክክል ይሰማሉ፣ ዜማውን ይለያሉ፣ በሌሎች ነገሮች ይደሰታሉ፣ ገንዘብ ሲያሸንፉ ልባቸው እንደማንኛውም ሰው ይመታል፤ ሙዚቃ ሲሰሙ ግን ሰውነታቸው ጸጥ ይላል። በኋላ እንደታየው፣ በእነርሱ ዘንድ ሙዚቃ ሲሰማ ድምፅን በሚተነትነው የአንጎል ክፍልና ደስታን በሚሰጠው ክፍል መካከል ያለው መናበብ ደካማ ነው። ዜማን ከዜማ መለየት የማይችሉትና ኢዛቤል ፔሬትዝ ለረጅም ዘመን ያጠናቻቸው ሰዎች ከእነዚህ የተለዩ ናቸው። ለጓደኛዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

የሞዛርትን ሙዚቃ መስማት ልጅን ብልህ ያደርጋል የሚለውን ወሬ በአጭሩ ልለፈው። መነሻው በ1993 በ36 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ነው፤ የታየው ለውጥ በአንድ ዓይነት የቦታና የቅርጽ ጥያቄ ላይ ብቻ ሆኖ ሩብ ሰዓት እንኳን በቅጡ አልቆየም፤ ሕፃናት በጥናቱ ውስጥ አልነበሩም። ኋላ የመጡ ሥራዎችም ለውጡ የመነቃቃትና የስሜት ጉዳይ መሆኑን አሳይተዋል። ሙዚቃ ለመወደድ እንዲህ ያለ ሰበብ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ይልቅ የሚያስደንቀው አንጎል ለምት የሚሰጠው ምላሽ ነው። ሰው አንድም ጣት ሳያንቀሳቅስ ምት ያለው ድምፅ ሲሰማ፣ እንቅስቃሴን የሚያቅዱና የሚያስጀምሩ የአንጎል ክፍሎች፣ በተለይም ባዛል ጋንግሊያ የሚባለው፣ ሥራ ይጀምራሉ። ፓርኪንሰን የተባለው እንቅስቃሴን የሚያውክ በሽታ የሚያጠቃው ይህንኑ ክፍል ነው፤ እግሩ ከመሬት የተጣበቀበት የሚመስለው፣ እርምጃው አጥሮ የሚንቀጠቀጥ ሕመምተኛ እኩል የሚሄድ ምት ሲሰማ እርምጃው ሊረዝምና ሊስተካከል የሚችለውም፣ ከውስጥ የጎደለውን የጊዜ መቁጠሪያ ከውጭ ስለሚያገኝ ነው ተብሎ ይታመናል። ሚካኤል ታውትና ባልደረቦቹ በ1996 ይህንን ለሕክምና እንዴት መጠቀም እንደሚቻል አሳይተዋል።

ሙዚቃና ቋንቋ በአንጎል ውስጥ አንድ ቤት ይኖሩ እንደሆነ ስጠይቅ፣ ሁልጊዜ የሚመጡብኝ ሁለት የሙዚቃ ደራሲዎች ናቸው። ሶቪየታዊው ቪሳሪዮን ሸባሊን በ1953 አንድ ጊዜ፣ በ1959 ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ በስትሮክ ተመታ፤ ከሁለተኛው በኋላ መናገርም የሰው ንግግር መረዳትም እጅግ አዳጋች ሆነበት። ሆኖም ሙዚቃ መድረሱን ቀጠለ፤ አምስተኛውን ሲምፎኒውንም በ1962፣ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው ፈጸመ። ታዋቂው የነርቭ ሳይንስ ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ ጉዳዩን ከባልደረቦቹ ጋር አጥንቶ ጽፎታል። ፈረንሳዊው ሞሪስ ራቬል ግን በተቃራኒው ተፈተነ። በ1930ዎቹ በያዘው የአንጎል በሽታ ምክንያት ንግግሩ ቢታወክም ያን ያህል አልጠፋም፤ ሙዚቃ ይሰማል፣ ሥራዎቹ ሲጫወቱ ስሕተት ቢፈጠር ይለያል፣ አዲስ ሙዚቃም በውስጡ ይሰማው ነበር፤ ወደ ወረቀት ማውረድ ግን አቃተው። በ1937 የአንጎል ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ሞተ። አንዱ ቃል አጥቶ ዜማውን ጻፈ፤ ሌላው ዜማው በውስጡ ሞልቶ መውጫ አጣ። ከሁለቱ የማን ዕጣ እንደሚከብድ ደጋግሜ አስቤ መልስ አላገኘሁለትም።

ስለ ትዝታ ከተነሳ ክላይቭ ዌሪንግን ማንሳት ግድ ነው። ይህ እንግሊዛዊ የሙዚቃ ሰው በ1985 አንጎሉን ባጠቃው የሄርፐስ ቫይረስ ምክንያት አዲስ ነገር ከጥቂት ሰከንዶች በላይ መያዝ አቅቶታል፤ ሚስቱ ከክፍሉ ወጥታ በተመለሰች ቁጥር ለዓመታት እንደተለያት ሆኖ ይቀበላት ነበር። ፒያኖ ፊት ሲቀመጥ ግን ሥራውን ከመነሻው እስከ መድረሻው ይጫወታል። ሙዚቃው በእያንዳንዱ ቅጽበት ቀጣዩን ያቀብለዋል፤ ትናንት ባይኖረውም ቀጣዩ ኖታ አለው። በ2015 በላይፕሲግ የተሠራ ጥናትም ለረጅም ጊዜ የምናውቃቸውን ዘፈኖች ከመያዝ ጋር የተያያዙት የአንጎል ክፍሎች፣ በአልዛይመር ሕመምተኞች ዘንድ ከሌሎቹ ይልቅ መመናመናቸው እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል።

ይህንን የመጨረሻውን ጥናት ያነበብኩት እናቴ አጠገብ ተቀምጬ ነው። የመርሳት በሽታ ከያዛት ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። ስሜን ካጣችው ቆይታለች፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ እንደ እንግዳ በአክብሮት ታናግረኝ ጀምራ ነበር። «እርስዎ ማን ልበል?» ትለኛለች፤ ልጅሽ ነኝ ስላት ፈገግ ትልና ውሃ ላምጣልዎት ወይ ብላ ለመነሳት ትሞክራለች። ዕድሜ ልኬን «አንተ» ያለችኝ ሴት አንቱ ስትለኝ መስማት፣ ስሜን ከመርሳቷ ይልቅ ከበደኝ።

በዚያ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የፎጣ ጠርዝ በጣቶቿ እያለሰለሰች ሳለ፣ ያንን ዘፈን ማንጎራጎር ጀመረች። ቃላቱ አልተዛነፉባትም። የመጀመሪያውን አዝማች ዘፈነች፣ ግጥሙን ቀጠለች፣ ወደ ሁለተኛው አዝማች ገባች፤ ከመካከሉም ድንገት ዝም አለች። ጠፋባት ብዬ ልረዳት ከንፈሬን አላቀቅኩ። ያን ጊዜ ጣቷን አየሁት። ጉልበቷ ላይ ምቱን እየመታ ነበር፤ አላቋረጠም፣ አልፈጠነም፣ አልዘገየም። ዘፈኑን ካሴቱ ከመበላሸቱ በፊት ከእኔ ይልቅ አብዝታ የሰማችው እርሷ ናት፤ የተሰረዘውን ስንኝ ታውቀው ነበር። ቢሆንም አልዘፈነችውም። ትንፋሿን ይዛ፣ ዓይኗን መስኮቱ ላይ እንደተከለች፣ ጣቷ ቆጠረላት። ከዚያም ልክ ካሴቱ በሚነሳባት ቃል ላይ፣ ከቃሉም ግማሽ ላይ፣ ድምፁ ተቆርጦ በሚመለስበት በዚያው ቦታ ተነስታ ዘፈኑን ቀጠለች።